የውሃ ሽታ ሆኖ ስለቀረ ሰው ልብ ወለድ ለመጻፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአንዲት ትንሽ ከተማ ከዓመታት በፊት ሰው ጠፍቷል። ሬሳ የለም፣ መርዶ የለም፣ ተጠያቂም የለም። ኑሮ ግን ቀጥሏል። በዚህ ጉዳይ ላይ በዝግታ፣ በረመጥ እንደሚበስል ነገር ቀስ ብሎ የሚግል ልብ ወለድ ለመጻፍ የተነሡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ይህ ዓይነቱ ልብ ወለድ ከሌላው የወንጀል ታሪክ በምን ይለያል?

በተለመደው የወንጀል ታሪክ የአንባቢው ጥያቄ «ማን አደረገው?» ነው። እዚህ ጥያቄው ይሰፋል፤ «ማን ያውቅ ነበር? አውቆስ እንዴት ይህን ያህል ዘመን ዝም ብሎ ኖረ?» ይሆናል። ወንጀለኛው አንድ ሊሆን ይችላል፣ ዝምታው ግን የብዙ ሰው ነው። አንዱ ያየውን መኪና አልተናገረም፤ በዚያ ሰዓት እዚያ ሰፈር ምን ይሠራ እንደነበር ሚስቱ እንዳትጠይቀው ፈርቶ ነው። ሌላዋ የሰማችው ጩኸት የጎረቤት ጠብ መስሏታል። ሦስተኛው መዝገብ ላይ ሰዓት አስተካክሏል፤ ያስተካከለው አርፍዶ መግባቱን ለመሸፈን እንጂ ወንጀለኛ ለመደበቅ አይደለም።

እውነቱ ተቆራርሶ በከተማው ሰው እጅ ተበትኗል። ሁሉም የየድርሻውን ቁራጭ ይዟል፣ ዋጋውን ግን አያውቅም። ጉዳዩ 25 ዓመት ሙሉ ሳይፈታ የቀረው መርማሪው ሰነፍ ስለነበረ ብቻ ከሆነ ታሪኩ ከመነሻው ላልቷል።

ከየት ልጀምር?

ከጠፋችበት ቀን። (ለአነጋገር እንዲመች የጠፋችው የ17 ዓመት ልጅ ናት እንበል።) መጀመሪያ የምትጽፉት ልብ ወለዱን ሳይሆን እውነቱን ነው። ከዚያ ቀን ንጋት እስከ ማግስቱ ቀትር የሆነውን በየሰዓቱ ከ4 እስከ 6 ገጽ አስፍሩ፤ ማን የት ነበር፣ ማንን አየ፣ ምን ለብሶ ነበር፣ የመጨረሻውን በር ማን ዘጋ። ይህ ጽሑፍ መጽሐፉ ውስጥ አይገባም፤ ለእናንተ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አዘጋጁ። በመጀመሪያው ዓምድ በእርግጥ የሆነውን፣ በሁለተኛው ሰውየው ያኔ ለፖሊስ የሰጠውን ቃል፣ በሦስተኛው ዛሬ የሚያወራውን ጻፉ። ልብ ወለዱ የሚኖረው በሦስቱ ዓምዶች ልዩነት ውስጥ ነው። ሦስቱም ዓምዶቹ አንድ የሆኑለት ሰው ካለ ወይ የሚሸሽገው ነገር ስጡት ወይ ከታሪኩ አውጡት።

ይህን ሥራ የዘለለ ሰው የሚገጥመው ችግር የታወቀ ነው። ገጽ 200 ላይ ሲደርስ ወንጀለኛውን ይቀይራል፤ ለቀድሞው ሰው የዘራቸው ፍንጮች ግን ባለቤት አጥተው እዚያው ይቀራሉ።

ከመጥፋቷ እስከ ታሪኩ ስንት ዓመት ይለፍ?

ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ይመረጣል። ስሌቱ የዕድሜ ነው። በ17 ዓመቷ ጠፍታ 25 ዓመት ካለፈ እኩዮቿ 42 ሞልቷቸዋል፤ ልጆች አሏቸው፣ ስም አላቸው፣ የሚያጡት ነገር አላቸው። ያኔ 40 ዓመቷ የነበረው እናት ዛሬ 65 ናት። 35 የነበረው መርማሪ 60 ደርሶ ጡረታ ወጥቷል። ሁሉም በሕይወት አሉ፣ ሁሉም ግን ሌላ ሰው ሆነዋል። ልዩነቱን 50 ዓመት ብታደርጉት ምስክሮቹ ያልቃሉ። 5 ዓመት ከሆነ ደግሞ ምርመራው ገና አልበረደም።

ዘመኑን ስትመርጡ የምርመራ ሳይንስንም አስቡበት። የዲኤንኤ አሻራ ዘዴን አሌክ ጄፍሪስ በእንግሊዝ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ልጅቱ የጠፋችው ከዚያ በፊት ከሆነ ልብሷን መርማሪዎች በባዶ እጃቸው ቢያገላብጡት፣ ከሌላ ዕቃ ጋር በአንድ ከረጢት ቢከቱት ማንም አይደነቅም። የጠፋችው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ከሆነ ግን አንባቢ «ለምን አልተመረመረም?» ማለቱ አይቀርም። ሞባይል ስልክም እንደዚሁ ነው። ሁሉም ሰው ስልክ በኪሱ በያዘበት ዘመን የጠፋች ልጅ ዱካ ትተዋለች፤ ስልኩ የት እንደቀረ የሚያሳምን መልስ ያስፈልጋችኋል።

ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ጉዳዩን ምን ይቀስቅሰው?

ከተማዋ ልታስቆመው የማትችለው ነገር። እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 በአሜሪካ የሚድ ሐይቅ ውሃ በድርቅ ሲሸሽ ሬሳ ያለበት የዛገ በርሜል ብቅ አለ። ሟቹ በጥይት የተመታ ነበር፤ መርማሪዎች የሞተበትን ዘመን ወደ 1970ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ የገመቱት ከልብሱና ከጫማው ተነሥተው ነው። ከዚህ ለጸሐፊ ሁለት ትምህርት ይገኛል። ድርቅን ማንም ዝም ሊያሰኘው አይችልም። ዘመንን ደግሞ ከአጥንት ይልቅ ጫማ አጥርቶ ይናገራል።

ሕግም ጥሩ ቀስቃሽ ነው፤ ብዙዎች ግን አይጠቀሙበትም። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ጠፍቶ 2 ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ እንዲወሰንለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ 7 ዓመት በሕይወት መኖሩ ያልታወቀ ሰው እንደሞተ እንዲቆጠር ይጠየቃል። እንግዲህ አስቡት፤ የቤተሰቡ ቤት ሊሸጥ ነው፣ ውርሱ እንዲያልቅ ልጅቱ «ሞታለች» መባል አለባት፣ ወንድሟ ወረቀቱን ይዞ መጥቷል፣ እናትየው ብዕሩን አልነካም አለች። ያለ ሬሳና ያለ ፖሊስ 25 ዓመት የተዳፈነው ጉዳይ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተነሣ።

ይርጋም (ክስ ሊቀርብ የሚችልበት የጊዜ ገደብ) ቀን ቆጣሪ ይሆናል። ጃፓን በነፍስ ግድያ ላይ የነበረውን ይርጋ ያነሣችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ከዚያ በፊት ገዳይ ከክስ የሚድንበት ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ሊከበብ ይችል ነበር። የመረጣችሁት አገርና ዘመን ሕግ ይርጋ ካለው ቀኑን አስልታችሁ ተጠቀሙበት፤ ከሌለው ደግሞ አትፍጠሩለት።

ደካማው ቀስቃሽ እንዲሁ በድንገት ፍላጎት ያደረበት ጋዜጠኛ ነው። መጥቶ ቢጠይቅም በጥያቄው የሚያጣው ነገር ከሌለ አንባቢ አብሮት አይጨነቅም።

ስንት ተጠርጣሪ ያስፈልገኛል?

ከ4 እስከ 6። ከ7 ካለፈ አንባቢ ስም መቀላቀል ይጀምራል። ለእያንዳንዳቸው ከመጥፋቷ ጋር የማይገናኝ የራሳቸው እውነተኛ ምሥጢር ስጧቸው። ሰውየው የሸሸው ለምን እንደነበር ሲታወቅ ከጥርጣሬው ነጻ ይወጣል፣ ምሥጢሩ ግን ትዳሩን ወይም ሥራውን ያፈርሰዋል። ንጹሕ ሆኖ መገኘት ዋጋ ሲያስከፍል ታሪኩ ይከብዳል።

ከተማዋን እንዴት ልሥራት?

ካርታ ሣሉ። ከ3,000 እስከ 8,000 ሰው የሚኖርባት ብትሆን ልክ ናት፤ ሁሉም በመልክ የሚተዋወቁባት፣ ሁሉም ግን ስለ ሁሉም የማያውቁባት። ለአንባቢ በስም የምታስተዋውቁት ቦታ ከ6 አይብለጥ፤ እነዚያን ግን ደጋግማችሁ ተመለሱባቸው። በየትኛው መስኮት የትኛው በር ይታያል? የመንገድ መብራት የት ጋ ያልቃል? በእግር 1 ኪሎ ሜትር ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስለዚህ «ከወፍጮ ቤት ወንዝ ወርጄ ተመለስኩ» የሚል ሰው ስንት ደቂቃ እንደሚያስፈልገው ከእናንተ በላይ የሚያውቅ አንባቢ እንዳይኖር።

ፍንጭ እንዴት ይደበቃል?

አንዱን ፍንጭ ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንከተለው።

እውነቱ ይህ ነው፦ ልጅቱ በጠፋችበት ሌሊት አንድ ሰው ከወንዝ ወጥቶ ልብሱ ርሶ ቤቱ ገባ። ያን ሌሊት ዝናብ አልዘነበም።

ምዕራፍ 3 ላይ እኅቱ ስለ ወንድሟ ደግነት ታወራለች። «ያን የመሰለ ዝናብ እየወረደ እንኳ መድኃኒቴን ሊያመጣልኝ ወጣ። ካፖርቱን ምድጃው አጠገብ ሰቅዬለት እስኪነጋ ሲንጠባጠብ አደረ» ትላለች። አንባቢ የሚሰማው ስለ እኅትና ወንድም ፍቅር ነው፤ ካፖርቱ በመንገድ ያለፈ ነገር ነው። ምዕራፍ 11 ላይ በማግስቱ ጠዋት ፈላጊዎቹ የተነሡት ፎቶ ይወጣል። ተራኪዋ ፊታቸውን አንድ በአንድ ትለያለች፤ ማን ሞተ፣ ማን ከተማውን ለቆ ሄደ። በዝርዝሩ መሀል ከኋላቸው ከምታልፈው መኪና ጎማ ሥር አቧራ ይነሣል። አንዲት ሐረግ ናት፣ ከዚያ በላይ አይባልላትም። ምዕራፍ 19 ላይ አንድ ሽማግሌ ውሾቹ ዱካ ያጡት በሦስተኛው ቀን ዝናብ ስለመጣ ነው ብሎ ያማርራል። ምዕራፍ 26 ላይ ተራኪዋ ሦስቱን ታገናኛለች። ዝናቡ የመጣው በሦስተኛው ቀን ከሆነ ካፖርቱን ምን አራሰው?

አሠራሩን ልብ በሉ። ፍንጩ ሦስት ጊዜ ታየ፣ በየመሀሉ ብዙ ምዕራፍ አለ፣ ሦስቱም የመጡት ከተለያየ ሰው ነው። አንዱም ምዕራፍ መዝጊያ ላይ አልተቀመጠም፤ የምዕራፍ የመጨረሻ መስመር አንባቢ አጥብቆ የሚይዘው ቦታ ነውና ፍንጭ አይደበቅበትም። የሚደበቅበት ቦታ የዝርዝር መሀል ወይም ስሜት የሚነካ ንግግር ሥር ነው። የማሳሳቻ ፍንጭም ቢሆን በመጨረሻ የራሱ እውነተኛ ምክንያት ይኑረው፤ ሳይፈታ ተንጠልጥሎ የቀረ ማሳሳቻ አንባቢን መሸወድ ነው።

እኅቱ ለምን ትዋሻለች?

አትዋሽም። የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ትልቁ ሀብት ሳይዋሽ የሚሳሳት ምስክር ነው። ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት ለተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳዩ። ለአንዱ ቡድን «መኪኖቹ ሲመታቱ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ሲሉ፣ ለሌላው «ሲደቃቁ» በሚል ጠንካራ ቃል ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ ከመጀመሪያው ቡድን ከ50ው 7፣ ከሁለተኛው ከ50ው 16 ሰዎች አይተናል አሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

ይህን ወደ ከተማችሁ አምጡት። የመጀመሪያው ፖሊስ ቤት ለቤት ሲዞር ቀኑን አምታትቶ «ያየሻት ዝናቡ ሳይጀምር ነው ወይስ ከጀመረ በኋላ?» ብሎ ጠየቀ እንበል። ዝናቡን ወደ ከተማዋ ያስገባው ያ ጥያቄ ነው። ከዚያ በኋላ በየለቅሶ ቤቱና በየመንገዱ ሲወራ 25 ዓመት ሞላው፤ ዛሬ ሁሉም ሰው ዝናቡን ያስታውሳል፣ አንዳንዱም የጣሪያውን ድምፅ ሳይቀር ሰምቻለሁ ብሎ ይምላል። እኅቱም የረሰውን ካፖርት በዓይኗ አይታለች፤ ዝናቡን የሰማችው ግን ከሰው ነው። ፖሊሱ የጠየቀባትን ቃል በድሮው መዝገብ ውስጥ ለአንባቢ አሳዩት።

ቀስ ማለቱ እንዳያሰለች ምን ላድርግ?

መዝገም ሌላ፣ ባዶነት ሌላ ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ ካለቀ በኋላ ይህን ዓረፍተ ነገር ሙሉ፦ «ከዚህ ምዕራፍ በኋላ አንባቢው … ብሎ ማመን አይችልም።» መሙላት ካቃታችሁ ምዕራፉ የከባቢ አየር መግለጫ ብቻ ነው፤ ከሚቀጥለው ጋር አዋሕዱት።

ባለ 40 ምዕራፍ መጽሐፍ ብናስብ ልጅቱ መጥፋቷ እስከ ምዕራፍ 4 ይታወቅ፤ የመጀመሪያው ውሸት ምዕራፍ 10 አካባቢ ይያዝ። ምዕራፍ 20 ላይ ጥያቄው ራሱ ይገልበጥ፤ ለምሳሌ «ማን ወሰዳት?» ሲባል ከኖረ በኋላ ልጅቱ ለመሄድ አስባ ሻንጣዋን አዘጋጅታ እንደነበር ይታወቅ። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚላላው ከምዕራፍ 14 እስከ 24 ባለው ነው። መድኃኒቱ አዲስ ሬሳ መጨመር አይደለም። ለመጨረሻው ያስቀመጣችሁትን አንድ ትልቅ መረጃ አንሥታችሁ መሀል ላይ አፍስሱት፤ ለመጨረሻው የተሻለ ለማግኘት ትገደዳላችሁ። ጸሐፊዎች ይህን ሲሰሙ ይሳሳሉ፤ መሀሉን የሚያድነው ግን እሱ ነው።

ያለፈውን ዘመን በምልሰት ልጻፍ?

ይቻላል፤ ለ3 የዛሬ ምዕራፍ 1 የድሮ ቢሆን ይበቃል። ምልሰቱ የሚገባው የዛሬው ታሪክ ጥያቄ ካነሣ በኋላ ነው። ጥያቄ ሳይኖር የመጣ ምልሰት የታሪክ ትምህርት ይሆናል። አንድ ክልከላ አለ። በወንጀለኛው አእምሮ ውስጥ ሆናችሁ እየተረካችሁ የሠራውን እንዳላሰበ አድርጋችሁ አታሳልፉ። አንባቢ ያንን አይረሳም፣ ይቅርም አይልም።

አጥንት ቢገኝ ምን ያህል መናገር ይችላል?

ልብ ወለዶች ከሚያስቡት ያነሰ ይናገራል፤ በአንዳንድ ነገር ግን ይበልጣል። የዳሌ አጥንት ጾታን ይጠቁማል። ትከሻን ከደረት የሚያገናኘው አጥንት በደረት በኩል ያለው ጫፍ ከሰውነት አጥንቶች መጨረሻ ላይ የሚገጥም ስለሆነ፣ ሳይገጥም ከተገኘ ሟቹ ገና ወጣት እንደነበረ ያሳያል። ጥርስ ከሁሉም በላይ ይቆያል፤ የጥርስ ሐኪም መዝገብ ካለ ማንነትን ይለያል። በእናት መስመር ብቻ የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ከአሮጌ አጥንት የመገኘት ዕድሉ የተሻለ ነው። ስለዚህ የእናት፣ የእኅት ወይም የአክስት (የእናት እኅት) ናሙና ለማመሳከር ይሆናል፤ የአባት አይሆንም። አባትየው ብቻ በሕይወት ያለበት ታሪክ ከጻፋችሁ ይህ ትልቅ እንቅፋት ነው፤ በብልሃት ከተያዘም ትልቅ ዕድል ነው።

አጥንት አጥርቶ የማይናገረው ነገር ሰውየው ከሞተ ስንት ዓመት እንደሆነው ነው። አሲድ የበዛበት አፈር አጥንትን ይበላዋል፤ እርጥብና አየር የማያገኝ ቦታ ደግሞ የሰውነትን ስብ ወደ ሰም መሰል ነገር ቀይሮ ሬሳውን ለረጅም ጊዜ ሊያቆየው ይችላል። «በትክክል 25 ዓመቱ ነው» የሚል ባለሙያ አትጻፉ። የምርመራ ውጤቱም በማግስቱ አይምጣ፤ ሳምንታት ወይም ወራት ይፍጅ። በዝግታ ለሚሄድ ታሪክ ያ ጥበቃ ጥቅም ነው፤ ከተማው ሁሉ ውጤት ሲጠብቅ ማን እንቅልፍ እንዳጣ አሳዩበት።

የቤተሰቡን ሐዘን እንዴት ልጻፈው?

መርዶ እንዳልተነገረበት ሐዘን። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያጠናችው ይህንኑ ቁርጡ ያልታወቀ ማጣት ነው፤ ሰውየው አካሉ የለም፣ በቤተሰቡ ልብ ግን አለ፤ ሐዘኑም ማብቂያ የለውም። እንባ አታብዙበት። እናትየው ቤት እንድትቀይር ሲነግሯት «ስትመጣ የት ታገኘናለች?» ትላለች። ታናሽ ወንድሟ 18 ዓመት የሞላው ቀን ከታላቅ እኅቱ በዕድሜ በልጦ ያድራል። አባትየው ስሟን ሲጠራ በአንዱ ቀን «ነበረች» ይልና ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ ማንኪያ ያስቀምጣሉ።

ልጅቱም ሰው ትሁን። የተበደረችው፣ የዋሸችው፣ ያስቀየመችው ሰው ይኑር። ፎቶዋ ላይ ብቻ የምትስቅ መልአክ ከሆነች አንባቢ ምሥጢሩን ይከታተላል እንጂ አይናፍቃትም።

ምሥጢሩን ሳልፈታው ብተወውስ?

እውነትና ፍትሕን ለዩ። ፍትሕ ሳይገኝ መቅረት ይችላል፤ ማስረጃው አይበቃ ይሆናል፣ ወንጀለኛው ሞቶ ይሆናል፣ ከተማዋም ዳግም ዝምታን ልትመርጥ ትችላለች። አንባቢ ግን ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። 300 ገጽ የተከተላችሁን ሰው በር ላይ ጥላችሁት አትሂዱ።

ምን ያህል ይርዘም?

በእንግሊዝኛ ይህ ዓይነቱ ልብ ወለድ ብዙውን ጊዜ ከ80,000 እስከ 100,000 ቃላት ይይዛል። አማርኛ ግን በአንድ ቃል ብዙ ይሸከማል፤ «አልነገርኳትም» የሚለው አንድ ቃል በእንግሊዝኛ 5 ቃል ነው። ከ60,000 እስከ 70,000 ቃል በቂ ነው።

ከእውነተኛ ጉዳይ መነሣት እችላለሁ?

ስልቱን ውሰዱ፣ ሰውየውን ተዉ። ስም መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ቦታውን፣ ዘመኑን፣ ዕድሜውን፣ ዝምድናውንና የጠፋበትን ሁኔታ ቀይሩ። ልጁን ዛሬም የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ፤ በመጽሐፋችሁ መሀል የልጁን ሞት ግምት ማንበብ የለበትም። በሕይወት ያለን ሰው ገዳይ አስመስሎ መጻፍ ደግሞ በስም ማጥፋት ያስከስሳል።

ረቂቁ አልቋል። ፍንጩ መብዛቱን ወይም ማነሱን እንዴት ልወቅ?

ታሪኩን ለማያውቁ 3 ሰዎች ስጡ፤ ግን 60 በመቶው ላይ አስቁሟቸው። ሳይነጋገሩ የጠረጠሩትን ሰው ስምና ምክንያቱን በወረቀት ይጻፉ። ሦስቱም ትክክለኛውን ሰው በትክክለኛው ምክንያት ከጻፉ ከፍንጮቹ አንዱን አውጡ፤ ብዙ ጊዜ መውጣት ያለበት መጀመሪያ የመጣው ነው። ሦስቱም ሌላ ሰው ጽፈው ምክንያታቸው «እንዲሁ ስሜቴ ነው» ከሆነ ፍንጩ አልተያዘም፤ ሁለተኛውን ቦታ በአንድ ዓረፍተ ነገር አጠንክሩት። ከሁሉ የሚሻለው ውጤት አንዱ ትክክለኛውን ሰው ጠርጥሮ በኋላ የሰረዘው እንደሆነ ነው። ለምን እንደሰረዘው ጠይቁት፤ የሚሰጣችሁን መልስ ወስዳችሁ የመጨረሻዎቹን አምስት ምዕራፎች እንደገና ጻፉ።